መኪና የሌላቸው ሊቀ መኪና

በዚህ ዓለም ስለ መኪና ሁሉንም ነገር የሚያውቅ ሰው መኪና የሌለው ሰው ብቻ ነው። እኛ ባለመኪኖቹ የምናውቀው ቢበዛ ቁልፉን የት እንደጣልነው ነው፤ እሱንም አንዳንዴ። ጎረቤቴ ክቡር ሊቀ መኪና ሰባ ዓመት እስኪሞላቸው መሪ ጨብጠው አያውቁም፣ መንጃ ፈቃድም የላቸውም። ስለዚህ የሚሳናቸው ነገር የለም።

ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛው የሰፈሩ ሰዎች ነን። ፖስታ ቤት ሠላሳ ዓመት እሽግ ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ የሚመዝኑት የእኛን መኪና ነው። ሞተር ሲነሣ ከሰሙ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ከተፍ ይላሉ። ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ለጥፈው እጃቸውን ያነሣሉ። «ዝም በሉ፤ ራሷ ትናገራለች» ይላሉ። ከዚያ ሩብ ሰዓት ሙሉ እሳቸው ይናገራሉ፤ መኪናዋ ተራ ደርሷት አያውቅም።

አምና ከእኔ መኪና «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ሰምተው «የፊት ቴስቲና ነው። ዛሬ ነገ ስትል ጎማው ጥሎህ ይሄዳል» ብለው እንቅልፍ ነሡኝ። ቴስቲናውን፣ ያን ጎማውን የሚይዘውን ብረት፣ አስቀየርኩ። ቋቋታው ቀጠለ። ከሳምንት በኋላ ባለቤቴ ከፊት ወንበር ሥር የጠፋባትን ካውያ መዥርጣ አወጣች። «እኔ እኮ ብረት ነው ብያለሁ» አሉ ክቡርነታቸው፣ ቅንጣት ሳያፍሩ።

ዘንድሮ ግን የቀልድ ጊዜ አልነበረም። እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሐሙስ ከሆስፒታል ልትወጣ ነው። ሐኪሙ «ቤት እስክትደርስ እንዳትናጥ፤ ስብራቱ ገና አልያዘም» አለኝ። አምቡላንስ እንዳልጠራ «ዋይ ዋይ የሚል መኪና አስገብተህ ጎረቤት ልታስለቅስብኝ ነው?» ብላ በቁጣ ከለከለችኝ። የእኔ መኪና ደግሞ ንዝረት የሚውጡት የፊት ሾኮቿ አልቀው፣ ጠጠር ስትረግጥ እንኳ ጥርስ ታንገጫግጫለች።

ሰኞ ሾክ ልገዛ ስወጣ ክቡርነታቸው የፊት ወንበር ላይ ቀበቶ አስረው አገኘኋቸው። ማንም አልጠራቸውም።

ሻጩ ሁለት ዓይነት ሾክ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ኦሪጅናሉ ስለሌለ ሁለቱም የሌላ አምራች ሥራዎች ናቸው። አንዱ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ለእሽቅድምድም የተሠራ ነው። ሌላው ግራጫ ነው፤ ስለ እሱ የሚባል ነገር የለም። ምን ልዋሽ፣ ልቤ ቀዩ ላይ አረፈ።

«ይሄ ጠንካራ ነው» አለ ሻጩ፤ «መታጠፊያ ላይ አያዘነብልም።»

ክቡርነታቸው ቀዩን አቁመው ባለ በሌለ ኃይላቸው ተጫኑት። ንቅንቅ አላለም። ግራጫውን ተጫኑት፤ ቀስ ብሎ ገባ፣ ቀስ ብሎ ወጣ።

«ምን ልትጭንባት ነው?» አሉኝ።

«እናቴን ነዋ ጋሼ፣ ያውቁ የለ እንዴ።»

«ተሰባሪ» አሉት ሻጩን፣ ልክ እሽግ እንደሚመዘግቡ። «ግራጫውን ጠቅልልልን።»

ማክሰኞ ጋራዥ ገባን። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ፣ ሾኮቹ ተገጠሙ፤ የተበላው የመገጣጠሚያው ላስቲክ፣ ጎሚኒ የሚሉት፣ አብሮ ተቀየረ። መካኒኩ ጎሚኒውን የሚይዘውን ቡሎን ሊያጠብቅ ሲል ከበላዩ ድምፅ መጣ።

«ተው፣ አሁን አታጥብቀው። መጀመሪያ መሬት ትርገጥ።»

መካኒኩ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ስንት መኪና አለዎት?»

«አንድም።»

«ስንትስ ፈትተው ያውቃሉ?»

«አንድም። አንተ ግን ቆመህ ቀበቶህን ጥብቅ አድርገህ ስታስር፣ ስትቀመጥ ሆድህን አያንቅህም? እሱም እንደዚያው ነው። ተንጠልጥላ ካሰርከው፣ ስትወርድ ተጠማዝዞ ይቀራል።»

መካኒኩ እኔን አየኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ መኪናዋን አወረደና በራሷ ክብደት ቆማ ሳለ አጠበቀው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ደንቡስ እንዲህ ነው፤ ቸኩዬ ነው እንጂ» አለ። ክቡርነታቸው ይህችን ዓረፍተ ነገር ቤት እስክንደርስ አራት ጊዜ ደገሙልኝ።

ረቡዕ ጠዋት ከሆስፒታሉ በር ጀምሮ ሙከራ አደረግን። ክቡርነታቸው «እኔ እናትህ ነኝ፤ ንዳ» ብለው ኋላ ወንበር ላይ ተጋደሙ። «ቀስ በል ልጄ፣ ዳሌዬን» እያሉ በቀጭን ድምፅ ያቃስታሉ። እናቴ ብትሰማቸው ኖሮ አልጋ የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። አስፋልቱ ላይ ግን ማቃሰቱ እየቀነሰ ሄደ፤ የፍጥነት መቀነሻውን ስናልፍ ጭራሽ እንቅልፍ ሊወስዳቸው ነበር። ሾኩ ሸጋ ነው።

ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ ጉድ ፈላ። የመጨረሻዋ መቶ እርምጃ ጥርጊያ መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ናት፤ ጭንቅላታቸው ከበሩ ጋር ተላተመ። ሾክም ልክ አለው። ወርደው ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ምን ይሻላል ጋሼ?» አልኳቸው።

ግንባራቸውን እያሹ ቤታቸው ገቡ። እሳቸው መልስ ሲያጡ ያን ጊዜ ነው እኔ የምር የፈራሁት።

ሐሙስ ከሰዓት እናቴን ኋላ ወንበር ላይ አስተኝተን፣ ባለቤቴ የእናቴን ራስ ታፋዋ ላይ አድርጋ ይዛት ተነሣን። መንገዱን ሁሉ ደህና መጣን። መታጠፊያው ጋ ስደርስ መሪውን በሁለት እጄ አንቄ፣ ትንፋሼን ውጬ ገባሁ። ምንም የለም። ጉድጓዶቹ በጠጠርና በአፈር ተሞልተው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ተረግጠው ተደልድለዋል።

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። «ደረስን እንዴ? መንገዱን ማን ሠራው?»

ክቡርነታቸው የግቢያችን በር ላይ ቆመዋል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ከጀርባቸው አጥሩ ላይ አካፋ ተደግፏል፤ እሱን ለመሸፈን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይንቀሳቀሳሉ። ያላደረጉትን ሁሉ እኔ ነኝ የሚሉት ሰው ናቸው እኚህ።

«መንገዱማ ያው ነው እትዬ» አሉ። «ሾኩ ነው።»

ክንዷን ሊደግፉ እጃቸውን ሲዘረጉ መዳፋቸው ውሃ ቋጥሮ አየሁት። ስለ መኪና በተሳሳቱ ቁጥር ስሞግታቸው ስንት ዓመቴ።

«አዎ እማዬ» አልኩ፤ «ሾኩ ነው።»