የሺዋስ ሠርቷታል

የትም ከተማ ሂዱ፣ ማንም ሳይጠራው የተበላሸ ነገር ሊሠራ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ደህናውንም ነካክቶ የሚያበላሸው እሱው ነው። ለደባርቅ የደረሳት የሺዋስ ነበር፤ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ኢንተርኔት ቤት ባለቤት፣ በከተማው አጠራር ክቡር ኢንጂነር። ማዕረጉን የሰጠው ዩኒቨርሲቲ እስከ ዛሬ አልታወቀም። «ይሄ ቀላል ነው» ይላል እጅጌውን እየሰበሰበ። «ኔትወርክ ነው።»

ቆጣሪ ሲቃጠል ኔትወርክ ነው። የወፍጮ ቀበቶ ሲበጠስም ኔትወርክ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ጠግኖ የመለሰ ጊዜ በቅዳሴው መካከል የእግር ኳስ ውጤት ተሰማ። ቄሰ ገበዝ ገብረ ሚካኤል ሣጥኑን ራሳቸው ተሸክመው መጡ። «እግዜር ይስጥልን፣ ክቡር ኢንጂነር። ከእንግዲህ በጉሮሯችን እንቀድሳለን» አሉት።

ጨርቅ ነጋዴዋ ነሲባ ሱቋ ፊት ለፊት ስለሆነ ይህን ሁሉ አይታለች። ቢሆንም በ2006 ዓ.ም. ክረምት ችግር እሱ ደጅ ጣላት። ልጇ ሰዓድ በመተማ ሱዳን ገብቶ ወደ ሊቢያ ካለፈ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ጎንደር ያለ ዘመዷ፣ መንገድ ላይ የቀሩ ሰዎችን ለሚፈልግ አንድ ድርጅት ስሙን አስመዝግቦላት ነበር። መልሱ በየሺዋስ ኢሜይል መጣ፦ ሊንኩን ከፍታችሁ ፎቶግራፉን እዩና ታውቁት እንደሆነ ንገሩን።

ሊንኩ አልከፈት አለ።

«ኔትወርክ ነው» አለ የሺዋስ። «ነገ ይምጡ፣ እትዬ ነሲባ።»

በነጋው መጣች። በማግስቱም። የሺዋስ ሰማያዊውን ጽሑፍ ይጫናል፤ ኮምፒውተሩ አንዴ ጢን ይልና ዝም። እሷም ዝናብ ያበሰበሰውን ሻሿን እየጨመቀች ትመለሳለች። አንድ ቀን ግን ቱሪስት መሪው ያርጋል አጠገቧ ባለው ኮምፒውተር ኳስ ሲያይ አገኘችው።

«የዚህስ ኔትወርክ ከየት መጣ?» አለች።

ያርጋል ሳቀ። «ኔትወርኩማ ደህና ነው፣ እትዬ! ክቡር ኢንጂነር ብራውዘሩን አጥፍቶት ነው እንጂ።»

«ምኑን?»

«ድረ ገጽ የሚከፍተውን ነዋ! ኮምፒውተሩ ከብዶታል ብሎ የማያውቀውን ሁሉ ሲሰርዝ እሱንም ጠረገው። ኢሜይሉ በሌላ ፕሮግራም ይገባል፤ ሊንኩን ሲጫኑት ታዲያ ማን ይክፈተው?»

«ያንተውስ?»

«የእኔን ገና አላከመውም።»

የሺዋስ አንገቱን ደፋ። አድራሻውን በፍላሽ ገልብጦ ያርጋልን ከወንበሩ አስነሣውና እዚያ ከፈተው። ፎቶግራፉ ከላይ ወደ ታች፣ በዝግታ ወረደ። የሺዋስ ስክሪኑን ወደ ራሱ አዞረ።

«ተከፈተ?» አለች ነሲባ።

የሺዋስ ስክሪኑን በሁለት እጁ ያዘ።

«አንተ የሺዋስ!»

«አልቻልሁም፣ እትዬ።»

ነሲባ ይህን ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሰምታ አታውቅም። መብረቅ የመታው ቴሌቪዥን ሲያመጡለት እንኳ አልቻልሁም አላለም። የያርጋልን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አዙረው» አለች።

አዞረው። ከፊቱ በፊት ያወቀችው ሸሚዙን ነው፤ ከሱቋ ጨርቅ ቆርጣ ያሰፋችለት። «ኢንና ሊላሂ» አለች። የቀረውን ልትጨርሰው አልሆነላትም።

የሐዘኑ ሰሞን አልፎ ሱቋን ስትከፍት፣ የሺዋስ ደጃፉ ላይ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ሰው ዕቃ ይዞ ሲመጣ ቀና ሳይል «አላውቅም፤ ጎንደር ውሰዱት» ይላል። በደባርቅ የሚበላሽ ዕቃ ቀነሰ። ደስ ያለው ሰው ግን አልተገኘም።

ነሲባ ይህን ሰንብታ ሰንብታ አየችውና፣ ሰዓድ ከሄደ ጀምሮ ዜና ስትጠብቅባት የኖረችውን ሬዲዮ ይዛ መንገዱን ተሻገረች።

«አልናገር አለችኝ» አለች።

የሺዋስ ቁልፉን አዞረው። ሬዲዮዋ ጥርት አድርጋ ተናገረች።

«ትሠራለች እኮ፣ እትዬ።»

«ካንተ ፊት ሲሆን ነው። እኔ ቤት ዝም ነው የምትል። ፍታት!»

አያት። ቀስ ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ፤ ብሎን መፍቻውን አነሣ፤ ሆዷን ከፍቶ አንዲት ሽቦ መዘዘ።

«ይሄ ቀላል ነው» አለ፣ ድምፁ ሻክሮ።

«ምንድን ነው?»

«ኔትወርክ ነው።»

«ብዬ ነበር» አለች ነሲባ።

ሬዲዮዋ ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። በነሲባ ሱቅ መደርደሪያ ላይ፣ ከጣቃዎቹ አጠገብ ተቀምጣለች። ምን ሆና ነው ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ሲመጣ፣ ነሲባ ጨርቅ መለካቷን ሳታቋርጥ ትመልስለታለች።

«ምንም አልሆነች። የሺዋስ ሠርቷታል።»