በትከሻ የተሞላው ሮቶ

ጋዜጠኝነትና ሕዝብ ግንኙነት። እስቲ ልብ ብላችሁ ደግማችሁ አንብቡት። አንዱ በር ያንኳኳል፤ ሌላው በሩን ገርበብ አድርጎ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይላል። ሁለቱን በአንድ ዲግሪ ማስተማር ከሳሹንም የተከሳሹን ጠበቃም አንድ ሰው አድርጎ ፍርድ ቤት እንደ መላክ ነው። የእኛ ትምህርት ክፍል ግን ያለ አንዳች ሐፍረት አደረገው። ጠዋት የጋዜጠኝነት መምህራችን «ጠይቁ፤ መልስ ሳታገኙ ከወንበራችሁ እንዳትነሡ» ይሉናል። ከምሳ በኋላ የሕዝብ ግንኙነቱ መምህር ይገቡና ያንኑ ጥያቄ በፈገግታ እንዴት እንደምንሸኘው ያስተምሩናል። በመካከል ጸሎት አለ። ዩኒቨርሲቲው የክርስቲያን ነዋ! «በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ይሁን በከሰዓቱ የሚሠራው ግን አልተጻፈበትም።

አባቴ ከወለጋ መጥቶ ባምባሲ የከተመ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ መግባቴን ሲሰማ ወንጌላዊት ልሆን መስሎት እልል ሊል ምንም አልቀረው። ጋዜጠኛ እንደምሆን ስነግረው እልልታውን ዋጠው። ከዚያ «ያው ነው፤ ሁለቱም እውነት መናገር ነው» ብሎ ራሱን አጽናና። ባለሱቁ ጎረቤታችን ግን አፉ አያርፍም። «የክርስቲያን ጋዜጠኛ ማለት የማይዋሽ ማለት ነው? እንዲያ ከሆነ ይቺ ልጅ ሥራ የት ልታገኝ ነው?» አለ። ያኔ ተናድጄ ሰላምታ ነሣሁት። አሁን እኔው ቀድሜ ሰላም እለዋለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ለተግባር ልምምድ የተላክሁት አሶሳ ነበር። ክልሉ ገና ክልል መሆንን የሚለማመድበት ጊዜ ነው። ቢሮዎች ዛሬ ይዋሀዳሉ፣ ነገ ይለያያሉ፤ በከተማው ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሰው ቢኖር ታፔላ ጸሐፊው ነበር። ከእነዚያ ቢሮዎች በአንዱ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል መደቡኝ። አለቃዬ ጋሽ በላይ ይባላሉ። በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ ከመጡ ወላጆቻቸው ጋር በወጣትነታቸው የመጡ፣ ሰው ወዳድ፣ ምሳ ብቻቸውን መብላት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑማ ኖሮ ይህን ያህል አልናደድም ነበር።

ጋሽ በላይ ዜና የሚጽፉት መስክ ከመውጣታቸው በፊት ነው። አልተሳሳታችሁም፤ በፊት። ምክንያትም አላቸው። ያለችው አንዲት መኪና ከመስክ የምትመለሰው ሲመሽ ነው፤ የሬድዮው ሰው ደግሞ ዜና በስልክ የሚቀበለው ከሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ዜናው ጠዋት ተጽፎ ለጸሐፊዋ ይሰጣል። እኛ መንገድ ላይ ስንንገጫገጭ እሷ በስልክ ታነበዋለች። አፌን ከፍቼ ሳያቸው፣ የምረቃ ዜና ምን አዲስ ነገር አለው፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል፣ አለቀ ደቀቀ ብለው አስረዱኝ። የዚያን ቀን የሚመረቀው በአንድ የበርታ ብሔረሰብ መንደር የተተከለ የውኃ መቅጃ ቦኖ ነበር። ዜናውም «የአካባቢው እናቶች ውኃ ፍለጋ ከሚያደርጉት አድካሚ ጉዞ ተገላገሉ» ይላል።

ወደ መንደሩ ስንቃረብ መጀመሪያ ያየነው እነዚያን እናቶች ነው። ውኃ ተሸክመዋል። በትከሻቸው ባጋደሙት እንጨት ጫፍና ጫፍ ጀሪካን አንጠልጥለው ከወንዙ ዳገቱን ይወጣሉ። የውኃ ማጠራቀሚያው ሮቶ ከተሰቀለበት ማማ ሥር ሲደርሱ ጎረምሶቹ ጀሪካኑን በመሰላል ይቀባበሉና ከላይ ይገለብጡታል። ሴቶቹ ተመልሰው ይወርዳሉ። ከጧት ጀምሮ እንዲህ ነው ያረፈዱት።

ዕድሜያቸው ከእናቴ የሚስተካከል አንዲት ሴት እንጨታቸውን አውርደው ትንፋሽ ሲሰበስቡ አገኘኋቸው። እማማ ሐዋ ይባላሉ። በእሳቸው አማርኛ ሁላችንም ወንዶች ነን፤ እኔንም አንተ ነው ያሉኝ። ውኃውን ከጉድጓድ የሚስበው ሞተር አልመጣም፤ ተቋራጩ «ይመጣል» ብሎ ሁሉን ቀለም ቀብቶ ጨርሷል። ታዲያ ለምን ትሞላላችሁ አልኋቸው።

«እንግዳ መጣ፣ ቧንቧ ከፈተ፣ ውኃ የለም። ያፍራል» አሉኝ። «ያፈረ ሰው አይመለስም። ደስ ካለው ግን ሞተር ይልካል፣ ኢንሻአላህ። ልጄ ሊወልድ ነው። ሳይወልድ ቢመጣ ነው የምፈልገው።»

ልጃቸውን በአገጫቸው አሳዩኝ። ሆዷ ገፍቶ፣ እንጨቱ ትከሻዋ ላይ ሆኖ ዳገቱን እየወጣች ነበር።

አያችሁ ነገሩን? እንግዳ እንዳያፍር ብለው ነው። እኔ ግን የቢሮ ወሬ ሰምቼ ስለነበር ርክክቡ ያን ቀን እንደሚፈረም አውቃለሁ። ቧንቧው ውኃ ሰጠ ተብሎ ከተፈረመ ተቋራጩ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ሞተሩንም የሚጠይቀው የለም። ይህንን ለእማማ ሐዋ ብነግራቸው በአዘኔታ አዩኝ። የእንግዳ ክብር የማታውቅ የከተማ ልጅ ሆንሁባቸው። ለጋሽ በላይ ብነግር ደግሞ ፀሐዩ ሳይበረታ ፎቶ እንዳነሣ አዘዙኝ።

ሊመርቁ የመጡት የቢሮው ኃላፊ ንግግራቸውን ሲጨርሱ «ጥያቄ ያለው?» ተባለ። የጠዋቱ መምህሬ ትዝ አሉኝና ተነሣሁ። «ክቡር ኃላፊ፣ የውኃው ሞተር የት ነው ያለው?» አልሁ። ኃላፊው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ፈገግ አሉ። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው! ወጣቶቻችን እንዲህ ለልማት ሲቆረቆሩ ማየት ያስደስታል» አሉና ራሳቸው ቀድመው አጨበጨቡ። ሕዝቡ ተከተለ። እማማ ሐዋ ሳይቀሩ አጨበጨቡልኝ። የከሰዓቱን ትምህርት እንዲህ በተግባር ያሳየኝ ሰው ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

ሪባኑ ተቆረጠ፣ ቧንቧው ተከፈተ፣ እልልታው ቀለጠ። ኃላፊዎቹ ተራ በተራ እጃቸውን ታጠቡ። ፊቱን የታጠበም ነበር። ርክክቡ እዚያው ተፈረመና መኪና ውስጥ ገባን። በኋላው መስኮት ስመለከት አንዲት ሴት ጀሪካኗን ቧንቧው ሥር ደቅና ጎንበስ ብላ ትጠብቃለች። ምንም አይወርድም።

መንገዱን ሙሉ ጋሽ በላይን ስጨቀጭቃቸው ነበር። አሶሳ ስንገባ ፀሐይ ጠልቃ፣ ሻይ ቤቱም ሬድዮውን ከፍቶ ነበር። እናቶቹ በሬድዮ «ተገላገሉ»። ቢያንስ ነገ ይታረም ብዬ ያየሁትን ጽፌ አቀረብሁ። ጋሽ በላይ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ልጄ፣ ይሄ ዜና አይደለም፤ ክስ ነው» አሉኝ። «እነዚያ ድሆች ለእኛ ክብር ብለው የቀዱትን ውኃ በአደባባይ ልታጋልጪባቸው ነው? ነውር አይደለም?»

ደሜ ፈላ። እስከ ዛሬም ይፈላል። በሰዎቹ ጨዋነት ኃላፊዎቹ እጃቸውን ታጠቡበት፤ ከዚያ ደግሞ ነውረኛዋ እኔ ሆንሁ! የልምምድ ውጤቴን ሲሞሉም በትጋት አሞግሰውኝ «መግባባት ይቀራታል» አሉ።

ዩኒቨርሲቲ ተመልሼ ነገሩን ለሁለቱም መምህሮቼ ተናገርሁ። የጠዋቱ «ግሩም ታሪክ ነው፤ ተከታተይው» አሉኝ። የከሰዓቱ ደግሞ ኃላፊው ጥያቄዬን የመለሱበትን መንገድ ለክፍሉ እንዳስረዳ ለመኑኝ፤ ለፈተና ይጠቅማል። አዳራሽ ውስጥ ምስክርነት ያለው ሲባልም ወጥቼ መሰከርሁ። ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ድምፅ ስለዚያ መንደር ጸለየ። አንዳንዱ አለቀሰ። አሜን ተባለና ወደ ምሳ ተሰለፍን። ጸሎትን አልነቅፍም፤ የአባቴ ልጅ ነኝ። ግን ከአሜን በኋላ አንድ ሰው እንኳ «ለማን እንደውል?» ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?

ለእረፍት አገሬ ስገባ መንደሩ ድረስ ሄድሁ። ቦኖው ላይ ፍየል ታስራለች። የእማማ ሐዋ ልጅ ወልዳለች፤ ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ፣ እንጨቱን በትከሻዋ አጋድማ ከወንዝ ስትመጣ አገኘኋት። እማማ ሐዋ እንደ ዘመድ አቀፉኝ። ወረዳ ሄደው አቤት ቢሉ «እናንተማ ውኃ አግኝታችኋል፤ በሬድዮ ሰምተናል» ተብለው እንደተመለሱ ነገሩኝ። እኔ ጋሽ በላይን፣ ተቋራጩን፣ ኃላፊውን፣ ሬድዮውን እያነሣሁ መርገም ጀመርሁ። እሳቸው እጄን ያዝ አድርገው ዝም አሰኙኝ።

«ተው፣ እንግዳው አላጠፋም» አሉኝ። «እኛ ነን። ያን ቀን ቸኩለን ሮቶው አልሞላም፤ ውኃ ቶሎ አለቀ፤ እንግዳው ደስ አላለውም። ተመልሶ ሲመጣ አንተ ቀድመህ ንገረን። አሁን ልጄም ወልዷል፣ ብዙ መሸከም ይችላል።»