ጋሽ ታደሰና የሕፃኑ ጫማ

ካልተመዘገበ በቀር ምንም ነገር መኖሩን የማያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ጋሽ ታደሰ ይባላሉ፤ አሜሪካ፣ ኒውአርክ ከተማ፣ አንድ የሙዚየም መጋዘን ውስጥ አብረን እንሠራለን። ሥራችን ከቁፋሮ የወጡ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑትን የጥንት የፑዌብሎ ሰዎች ሸክላዎችንና የቃጫ ዕቃዎችን ፎቶ ማንሳት፣ ቁጥር መስጠትና ፎርም መሙላት ነው። ጋሽ ታደሰ ሲያስነጥሱ እንኳ ሰዓቱን ይመዘግባሉ። እሳቸውን ለማስተካከል የነበረኝ ተስፋ አልቋል፤ የቀረኝ ራሴን ማትረፍ ነው።

ባለፈው ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ከቃጫ የተጎነጎነች የሕፃን ነጠላ ጫማ ደረሰችን። ጋሽ ታደሰ ፎርሙ ላይ "ባለቤት" በሚለው ቦታ "ያልታወቀ" ብለው ጻፉ።

የዚያኑ ዕለት የፑዌብሎ ተወላጅ የሆኑ አንዲት እናት የአያቶቻቸውን ዕቃ ሊያዩ ከኒው ሜክሲኮ መጡ። ጫማዋ ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ።

"ተረከዟ ባንድ ወገን ብቻ አልቋል" አሉ በእንግሊዝኛ። "ልጁ እግሩን ይጎትት ነበር። እናቱ እዚያው ላይ ደርባ ሰፍታለታለች።"

"ጋሽ ታደሰ፣ ይቺን እንኳ ይጻፏት" አልኳቸው።

"ሶርስ አላት? እግሩን ያየ ሰው አለ?"

የእኚያ እናት እንባ ጠብ ብሎ ጫማዋ ላይ አረፈ። ጋሽ ታደሰ ደነገጡ። ሴትዮዋን በአክብሮት ገለል አደረጉና ፎርሙን አፕዴት አደረጉት፦ "አዲስ እርጥበት፤ ምንጩ ያልታወቀ።"

ፎርሙ የምስክር ፊርማ ይፈልጋል። ፈረምኩ።