ጀርባውን ሰጥቶ የሚያበርረው ራዲቮይ

መንገድ ጠፍቶበት እያየ መንገድ የማይጠይቅ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲገዛ መመሪያውን አጣጥፎ የሚንገዳገደውን ጠረጴዛ እግር የሚያስደግፍበት እሱ ነው። ሐኪሙ ገና አፉን ሲከፍት «አውቀዋለሁ» የሚለውም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ውሃ ሲወስደው ገመድ ብትወረውርለት «ተው፣ ልይዘው ነው» ይልሃል። ምኑን እንደሚይዘው እግዜር ይወቅ።

ለእኛ ከተማ የደረሰን ሊቀ ጠበብት ራዲቮይ ነው። ቲሳ ወንዝ ዳር ያለችውን ትንሿን ከተማችንን የሚያውቅ ሁሉ የእሱን ዳቦ ቤት ያውቃል። ዕድሜውን ሙሉ ቡሬክ፣ ያንን ውስጡ የሚሞላ ድርብርብ ስስ ቂጣችንን፣ ሲጋግር ኖሮ ጡረታ ወጣ። በሥጋም ሆነ በአይብ፣ በቡሬኩ ላይ አፉን የሚከፍት ሰው የለም፤ የሚከፍት ካለም ሊጎርስ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሊቁ ከምድጃው ራቅ ሲሉ ነው።

ዋና የተማረው ብቻውን ነው። ከድልድዩ ላይ ዘለለ፤ ዓሣ አጥማጆች በመረብ አወጡት። እስከ ዛሬ ድረስ «መረቡ ነው የያዘኝ እንጂ እየወጣሁ ነበር» ይላል። ጀርመንኛም ብቻውን ነው የተማረው፣ ከቴሌቪዥን። ፊልሞቹ የጦርነት ፊልሞች ስለነበሩ፣ መንገድ ላይ የራባቸው ጀርመናውያን ባልና ሚስት ዳቦ ቤቱ ጎራ ሲሉ ሞቅ ያለ ሰላምታ ቢያቀርብላቸው ሁለቱም እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ከዚያ አኮርዲዮን መጣ። አንድ ክረምት ሙሉ ሰፈሩ እንቅልፍ አጣ። የሚገርመው፣ ጩኸቱ ዘፈን መምሰል በጀመረበት ሳምንት አኮርዲዮኑን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለው፤ ከዚያ ወዲህ አቧራውን እንኳ አላራገፈለትም። «አወቅሁት እኮ! ከዚህ በላይ ምን ላድርገው?» አለኝ። ራዲቮይ እንዲህ ነው። እስኪያውቀው ይሞትለታል፤ ካወቀው በኋላ ዞር ብሎ አያየውም።

ጡረታ በወጣ በማግስቱ ቀና ሲል ሰማዩን አየ። በእኛ አገር፣ ኮረብታ በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ቀና ያለ ሰው ከሰማይ በቀር የሚያየው የለውም። እኔ የምገባው እዚህ ላይ ነው።

ቶዶር እባላለሁ። አነስተኛ አውሮፕላን በሪሞት ማብረር አስተምራለሁ፤ አስተምር ነበር ብል ይሻላል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ድሮ እርሻ ላይ መድኃኒት የሚረጩ አውሮፕላኖች ይነሱበት የነበረ ሜዳ አለ። እነሱ ሲቀሩ የእኛ ክበብ ወረሰው። በደጉ ጊዜ እሁድ እሁድ ተራ የሚጠብቀው ተማሪ፣ ሥጋ የሚጠብሰው፣ የሚከራከረው፣ ያ ሁሉ ሰው! ዛሬ ወጣቱ ራሱን በራሱ የሚያበርር ድሮን ገዝቶ ከበረንዳው ላይ ይለቀዋል። አስተማሪ ምን ያደርግለታል? እኔ ግን አሁንም እሁድ እሁድ ሁለቱን ሪሞቶቼንና ማገናኛ ገመዳቸውን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ እሄዳለሁ። ሣሩን አጭዳለሁ፤ ትንሽ ቆሜ እመለሳለሁ።

የገመዱ ነገር ቀላል ነው። አንዱ ሪሞት የተማሪው፣ አንዱ የእኔ ነው። ተማሪው ሲሳሳት እኔ በሪሞቴ ላይ ያለችውን ቁልፍ ለቀቅ አድርጌ አውሮፕላኑን ከአየር ላይ እረከበዋለሁ። ብስክሌት ለሚለምድ ልጅ ኮርቻውን ከኋላ እንደ መያዝ ነው። ያንን መያዝ እንዴት እንደናፈቀኝ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ።

ስለዚህ ራዲቮይ ክንፏ ቢጫ የሆነ አውሮፕላን እንደ ሕፃን ታቅፎ ሜዳው ላይ ብቅ ያለ ዕለት ልቤ ዘለለች።

«እሰይ! ና ወንድሜ፣ ና! ገመዱን ላገናኝልህ» አልኩት።

ገመዱን አየው። እኔን አየኝ። «ገመድ ለጥጃ ነው» አለና አልፎኝ ሄደ።

ያቺ ቢጫ አውሮፕላን ከእጁ ወጣች፣ ዞረች፣ ቀጥ ብላ ወደ ጌታዋ መጣች። ሊቁ በዚያ ዕድሜያቸው ያን ያህል መሮጥ መቻላቸውን እዚያው ዕለት አወቅን። ሁለተኛዋ በቆሎ ውስጥ ገባች። ነሐሴ ላይ፣ ቁመቱ ከሰው ራስ በላይ በሆነ በቆሎ ውስጥ አውሮፕላን ፈልጋችሁ የምታውቁ ከሆነ ሌላ ቅጣት አያስፈልጋችሁም። እኔና እሱ ወዲያው ተጠፋፋን። «ቶዶር! አገኘሃት?» ይለኛል ከአንድ ወገን። «አላገኘሁም! አንተስ የት ነህ?» እለዋለሁ። «እኔንስ አገኘኸኝ?» ይለኛል። መውጫውን አሳየኝ አላለም እኮ! በመከር ጊዜ የማጨጃ ማሽን ነጂው አንድ ክንፍ አምጥቶ ሰጠን። ሦስተኛዋን ቄሱ ከኮክ ዛፋቸው ላይ በመጥረጊያ አወረዷት፤ ልንወስዳት ስንመጣም «ራዲቮይ ልጄ፣ ወደ ሰማይ የሚወስደው መንገድ በእኔ በኩል ሌላ ነው» አሉት።

ችግሩ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ይህን ሥራ የነካ ሁሉ ያውቀዋል። አውሮፕላኑ ከአንተ ሲርቅ የአንተ ቀኝ የእሱም ቀኝ ነው። ፊቱን አዙሮ ወደ አንተ ሲመጣ ግን የሪሞቱን ዘንግ ወደ ቀኝህ ስትገፋ እሱ ወደ ግራህ ይሄዳል። እጅህ ይደናገጣል፤ ከዚያ መሬት ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሰብረው እዚህ ላይ ነው። አስተማሪ የሚያስፈልገውም ለዚህች ቦታ ነው።

ሊቁ ራዲቮይ ግን የራሳቸውን መላ አገኙ። አውሮፕላኑ ፊቱን ሲያዞር እሱም ይዞራል! ጀርባውን ይሰጠውና አንገቱን ጠምዝዞ በትከሻው ላይ ያየዋል። አሁን ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያዩ ቀኝ ቀኝ ሆኖ ይቀራል። አትሳቁ፤ ይሠራል። እንዲህ እያደረገ ሁለት ዙር ሲያበርር በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ወደ ኋላው እያየ ወደ ፊት መራመድ ይወዳል፤ ከፊቱ ደግሞ የመስኖ ቦይ ነበረ። እስከ ደረቱ ገባ። ሪሞቱን ከራሱ በላይ ይዞ «ይሄ ቦይ ትናንት እዚህ አልነበረም!» እያለ ሲጮህ፣ አውሮፕላኑ ከጀርባው ሱፍ አበባ ውስጥ ተከሰከሰ።

በሦስተኛው ቀን ልጠይቀው ቤቱ ሄድኩ። አንገቱ ላይ ሻርፕ ተጠምጥሞ፣ ምድጃ ሥር ተቀምጦ ያስነጥሳል። ሚስቱ ዴሳንካ በሩ ላይ ያዘችኝ።

«ቶዶር፣ አንተ አስተማሪ አይደለህ እንዴ? ለምን አታስተምረውም?»

«እምቢ እያለኝ!»

«እምቢ ይበልሃ! እኔንስ አርባ ዓመት እሺ ብሎኝ ያውቃል? ጎረቤቱ ሁሉ እኮ ‹ባልሽ ዛሬስ የት ወደቀ?› ነው የሚለኝ፤ ሰላምታ እንኳ ቀርቷል!»

«እየሰማሁ ነው» አለ ራዲቮይ ከውስጥ።

«ስማ! ደግሞም ስማ! ጋራዡ ውስጥ የምትሠራት የመጨረሻህ ናት። እሷ ከተሰበረች ያንን ሜዳ በዓይንህ አታየውም። ቲማቲም ትተክላለህ። በቅዱስ ኒኮላ ማልልኝ!»

ቅዱስ ኒኮላ የቤታቸው ጠባቂ ነው። በየዓመቱ ሻማ አብርተው፣ ዳቦ ቆርሰው የሚያከብሩት። በቤቱ ቅዱስ የማለ ሰው በእኛ ዘንድ ቃሉን አያጥፍም። ራዲቮይ አስነጠሰና ማለ።

እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ስመለስ ሆዴ ባባ። አውሮፕላኗ ከተሰበረች ራዲቮይ ወደ ቲማቲሙ ይሄዳል። በሰላም ካሳረፋት ደግሞ እንደ አኮርዲዮኑ «አወቅሁት» ብሎ ይሰቅላታል። በየትም በኩል ቢሆን እሁድ እሁድ እኔና ሣሩ ብቻችንን ልንቀር ነው። ሲሰብር ስቄበታለሁ፤ ሲሰድበኝ ተሳድቤአለሁ። ለካ ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው የእሱን አሮጌ መኪና ድምፅ ነው።

የመጨረሻዋ አውሮፕላን የምትነሣበት ቀን ደረሰ። በቆሎው ታጭዷል፤ ያ ክፉ ነፋሳችን ኮሻቫ እንኳ ለዚያች ዕለት አርፎ ተኝቷል። ዴሳንካ የመሐላው ምስክር ሆና መጥታ መኪናው ውስጥ ሹራቧን ትሠራለች። እኔም ቦርሳዬን ይዤ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ወረወራት። ተነሣች! ቀይ ክንፏን ዘርግታ ሜዳውን ዞረች፤ ያለምንም ማጋነን ቆንጆ ነበረች። ሄደች፣ ሄደች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ እኛ አዞረች። ራዲቮይም እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጣት። አንገቱን ሊጠመዝዝ ሲል ግን «ኡህ!» አለ። ያ የቦይ ብርድ የያዘው አንገቱ አልዞር አለው። ተመልሶ ዞረና የሚሸሻትን አውሮፕላን ፊት ለፊት ተጋፈጣት።

«ቶዶር!»

«አቤት!» አልኩ፤ እየሮጥኩ ነው።

«ዝም በል!»

«ምን አልኩህ?»

«ልትል ነው! ፊትህ ላይ አየሁት!»

እውነቱን ነው፣ ልል ነበር። ለዚህች ቦታ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለችኝ፤ ስንቱን ተማሪ አድኜባታለሁ። ወደ አንተ ስትመጣ ቀኝና ግራ የሚባለውን እርሳ፤ ዝቅ ያለውን ክንፍ እያየህ ዘንጉን ወደዚያው ወገን ግፋ፣ ከሥር እንደምትደግፈው ሁሉ። ይችው ናት። ምላሴ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታቃጥለኛለች።

«ንገረው እንጂ አንተ ሰውዬ!» አለች ዴሳንካ የመኪናውን መስኮት አውርዳ።

«አልፈልግም እያለኝ!»

«እኔ እፈልጋለሁ!»

አውሮፕላኗ አንድ ክንፏን ጣለች። ራዲቮይ ዘንጉን ወደማይሆነው ወገን ገፋው፤ ጭራሽ አጋደለች። ላቡ በአፍንጫው ይወርዳል። ባትሪዋ ወደ ማለቁ ነው፤ ሞተሯ መድከሟ ይሰማል። እጄን ኪሴ ውስጥ ጨበጥኩት። ብናገር አውሮፕላኗ ትተርፋለች፤ ግን እሱ ያበረራት አትሆንም። ይህን ያህል ጊዜ የወደቀው እሱ ነው፤ እኔ አይደለሁም። ጥርሴን ነከስኩ።

በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር አየሁ። ራዲቮይ እጁን ትቶ በትከሻው አጋደለ። ጉልበቱን አጥፎ፣ ክንፏ በወደቀችበት በኩል ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ገባ። ቡሬክ የሞላ ትልቅ ትሪ ከምድጃ ሲወጣ አንድ ጎኑ ሊወርድ ሲል ጋጋሪ ከሥር ገብቶ የሚያነሣው እንደዚያ ነው። «ቆይ፣ ቆይ እናቴ፣ አትፍሰሺብኝ» ይላታል። ትከሻው ሲሄድ እጁም ተከተለው፣ እጁን ዘንጉ ተከተለው። አውሮፕላኗ ቀጥ አለች።

ባሏን ለማየት አንድ ዓይኗን ገልጣ ሌላውን የጨፈነችው ዴሳንካ «ወይ ቅዱስ ኒኮላ!» አለች።

መጣች። እያጋደለች፣ እየደገፋት፣ እያጋደለች፣ እየደገፋት። ሣሩን ነካች፣ ነጠረች፣ እንደገና ነካች፣ ቆመች። ሙሉ ነበረች። ራዲቮይ ሪሞቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ።

«አወቅሁት» አለ በቀስታ።

እልል ማለት ነበረብኝ። ደስ ብሎኛል፣ በእውነት ደስ ብሎኛል፤ ግን ያቺን ቃል ስሰማ ውስጤ ባዶ ሆነ። አበቃ አልኩ። ይሰቅላታል።

ዞሮ አየኝ። ፊቱ እንደ ምድጃ ቀልቷል። «ና እስቲ፣ አንድ ነገር ላስተምርህ» አለኝ። አጠገቡ አቆመኝ፣ ሁለት እጄን ትሪ እንደሚሸከም ሰው ዘረጋልኝ። «ወደ አንተ ስትመጣ ቀኝና ግራ የሚሉትን ተወው። የወደቀውን ክንፍ ታያለህ፤ ዘንጉን ከሥሩ ትከትለታለህ። ትሪ ነው በቃ! ይህን ታውቅ ነበር?»

ስንቱን ተማሪ በዚያች ዓረፍተ ነገር እንዳሳደግሁ እኔ አውቃለሁ።

«አላውቅም ነበር» አልኩት።

«በዚህ ሁሉ ዘመን? አስተማሪ ነኝ እያልክ?»

«ማን ነግሮኝ?»

ራሱን ነቀነቀ፤ በጣም አዘነልኝ። ከዚያ እንደገና ነገረኝ፤ ክንፉን በመዳፉ እያሳየ፣ ትከሻዬን ተጭኖ እያጋደለኝ። ሲጨርስ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«ገባህ?»

«አልገባኝም» አልኩት። «ጭራሽ አልገባኝም፣ ራዲቮይ።»

ትከሻዬን ለቀቀና አየኝ። ያወቀብኝ ይመስለኛል።

«አይ አንተ፣ ድሮም ነገር አይገባህም» አለና አውሮፕላኗን ከሣሩ ላይ አንሥቶ ታቀፋት። «በል እሁድ በጠዋት ና። ቀስ ብዬ አስረዳሃለሁ።»