ካንሰር የማያውቀው ወረዳ

ጦር የመለሱ፣ ወንዝ የገደቡ፣ ጫካ የመነጠሩ ሰዎች በየዘመኑ ተመስግነዋል። ካንሰርን የመሰለ ጠላት ሐኪም ሳይልኩ፣ መድኃኒት ሳይገዙ፣ ከወንበራቸውም ፈቀቅ ሳይሉ ከአንድ ወረዳ ጠራርገው ያስወጡ ሰው ግን እስካሁን አንድ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የጤና ቢሮው ዋና ኃላፊ ናቸው። ይህን ገድል ከሥር ከሥሩ ስትከታተል የነበረችው ደግሞ በዚያው ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ በማይከፈት ክፍል ውስጥ ቁጥር ስትደምር የምትውል አንዲት ሠራተኛ ነበረች። የሥራ መጠሪያዋ ሁለት መስመር ስለሚፈጅ ባልደረቦቿ አሳጥረው «ድምር» ይሏታል።

ድምር ዓመት በመጣ ቁጥር ከየወረዳው የሚላከውን የሞት መዝገብ ትደምራለች። በዚያ ዓመት የካንሰሩን ገጽ ስትጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አንገቷን አሸች፤ ከዚያ እንደገና ደመረች። ለውጥ የለም። በከተማው ከመቶ ሺህ ሰው መቶ አርባው በካንሰር ሞቷል። በገጠሩ ስድስት። በአንድ ሩቅ ወረዳ ደግሞ ጭራሽ ባዶ። ወረቀቱን ይዛ ወደ ኃላፊው ወጣች።

«ጌታዬ፣ ይሄ ቁጥር አላማረኝም» አለች።

«የቱ?»

«የገጠሩ። በጣም አነሰ።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው አዩት፤ ፊታቸው በራ። «አነሰ ብለሽ ነው የምታዝኚው? አነሰ ማለት እኮ ሠራን ማለት ነው!»

«ሰዉ ሳይመረመር እየሞተ እንዳይሆን ብዬ ነው እንጂ። እዚያ ወረዳ አንድም መመርመሪያ የለም።»

«ቆይ፣ ቆይ። ከተማው ውስጥ ስንት መመርመሪያ አለ?»

«አራት።»

«ስንት ሰው ሞተ?»

«ከመቶ ሺህ መቶ አርባ።»

«እዚያስ ስንት መመርመሪያ አለ?»

«ምንም።»

«ስንት ሰው ሞተ?»

«ምንም። ማለቴ በወረቀቱ ላይ...»

«እንግዲህ ድምር የምትባይው አንቺ ነሽ» አሉ ኃላፊው ወደ ኋላ ተደግፈው፤ «ደምሪያ!»

ድምር ብትደምረውም አልመጣላትም። ለኃላፊው ግን መጣላቸው። በሳምንቱ «መመርመሪያ መሣሪያዎች ከካንሰር ሞት ጋር ያላቸው አሳሳቢ ቁርኝት» የሚል ባለ አርባ ገጽ ጥናት ተጠረዘ። ወደዚያ ወረዳ ሊላክ ተጭኖ የነበረው አዲስ የአልትራሳውንድ መሣሪያም ለኅብረተሰቡ ደኅንነት ሲባል ከመኪና ወርዶ ዕቃ ቤት ተቆለፈበት። ጤነኛን ሕዝብ መሣሪያ አምጥቶ ማሳመም ከኃላፊነት የሚጠበቅ አይደለማ። ለወረዳው ደግሞ ዋንጫና የምስክር ወረቀት ተዘጋጀለት።

ሽልማቱን ሊያደርሱ በአንድ መኪና ተጫኑ፤ ኃላፊው ከፊት ከሾፌሩ ጎን፣ የሕዝብ ግንኙነቱ ሰውዬ ከነካሜራው ከኋላ፣ ድምር ዋንጫውን ታቅፋ ከእሱ አጠገብ። መንገዱ ስድስት ሰዓት ፈጀ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት በእርግጥ መንገድ ሊባሉ አይችሉም። ኃላፊው ጭንቅላታቸው የመኪናውን ጣሪያ በነካ ቁጥር «አየሩ! አየሩን አሽትቱት!» ይሉ ነበር።

የወረዳው ጤና ጣቢያ ሁለት ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ሚዛንና አንድ ነርስ ነበረው። ከፊት ለፊቱ ባለው ሜዳ ላይ ሕዝቡ ተሰብስቦ ቆይቷል። ለእንግዶቹ የሚሆን መቀመጫ ስላልነበረ ለሠርግና ለለቅሶ ወንበር የሚያከራዩ አንዲት ሴትዮ ተለምነው አምጥተዋል። ስልሳ ያለፉ፣ ቀልጠፍ ያሉ ናቸው፤ አገሩ «ባለወንበሯ» ይላቸዋል። ድምር አንድ ነገር አየች፤ ሴትዮዋ ወንበሩን ሁሉ በቀኝ እጃቸው ብቻ ነበር የሚያነሡት። ግራ ክንዳቸው ከጎናቸው አይላቀቅም፤ እንቁላል በብብቱ የያዘ ሰው ይመስላሉ።

ኃላፊው ተነሡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እናንተ ግን ብትደብቁስ ምን ልትደብቁ! የሚደበቅ በሽታ የላችሁም!»

ተጨበጨበ። አንድ ሽማግሌ ከወደ ኋላ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ጌታው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ይሄ ካንሰር የሚሉት ምን ዓይነት ነገር ነው?»

«ሰማችሁ?» አሉ ኃላፊው ወደ ካሜራው ዞረው። «ስሙን እንኳ አያውቁትም!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ሽማግሌውም የተጨበጨበው ለእሳቸው መሆኑን ሲያዩ መልስ መጠበቁን ትተው ደስ ብሏቸው ተቀመጡ።

ንግግሩ ገና ረጅም ስለ ነበር ድምር ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ገባች፤ መዝገቡን ማየት ፈልጋ ነበር። ነርሱ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው። ሳያንገራግር አወጣላት። ሞት የሚመዘገብበት ቅጽ አምስት ዓምድ አለው፤ ወባ፣ ተቅማጥ፣ ወሊድ፣ አደጋ፣ ሌላ። አራቱ ጭር ብለዋል። «ሌላ» የሚለው ግን ከላይ እስከ ታች ጢም ብሏል። ከእያንዳንዱ ጎን ነርሱ በእርሳስ፣ በጥቃቅን ፊደል ጽፏል። «ጡቷ ቆስሎ።» «ምግብ አልወርድ ብሎት፣ ከስቶ።» «ሆዷ አብጦ።» «ደም አልቆም ብሏት፣ የአራት ልጆች እናት።»

ድምር በጣቷ እየወረደች ቆጠረች። ስልሳ ሦስት ሰው ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጥር ስትደምር ከቁጥሩ ጎን የተጻፈ ነገር አንብባ አታውቅም ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ይሄን ለምን አልላክህልንም?»

«ልኬያለሁ እኮ። በየዓመቱ ሌላ ብዬ እልካለሁ።»

«የእርሳሱን ማለቴ ነው።»

«ቅጹ የእናንተ ነው፣ እህቴ» አለ ነርሱ ቀስ ብሎ። «ለእርሳሱ ቦታ አልሰጣችሁትም።»

መዝገቡን ይዛ ወጣች። ጭብጨባው ሲበርድ ጠብቃ ለኃላፊው አሳየቻቸው። ኃላፊው አነበቡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደነገጡ።

«ስልሳ ሦስት ሰው? በሌላ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ይሄ ሌላ የሚሉት በሽታ ይህን ያህል ሕዝብ ሲፈጅ ለምን አልተነገረኝም?»

«ጌታዬ፣ ሌላ እኮ በሽታ አይደለም፤ ሌላ ማለት...»

«እንዳትከላከይለት! ኮሚቴ ይቋቋም!»

እዚያው ሜዳ ላይ የፀረ-ሌላ ዘመቻ አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኃላፊው ሰብሳቢ፣ የሕዝብ ግንኙነቱ ጸሐፊ። እንግዲህ ሥራ ማለት እንዲህ ነው።

ሕዝቡ ሲበተን ባለወንበሯ ወንበራቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። አንዱ አመለጣቸውና ወደቀ። ድምር አንሥታ ሰጠቻቸው።

«እማማ፣ ክንድዎን ምን ነካው?»

«ምንም አይደል የኔ ልጅ። ጡቴ ጎን፣ ብብቴ ሥር፣ አንድ እንግዳ ገብቶብኝ ነው።»

«መቼ ነው የገባው?»

«ከክረምት ወዲህ ነው። ይጠነክራል፤ አያምም ነበር፣ አሁን አሁን ግን ክንዴን ይይዘኛል።»

«ታዲያ ለምን አይናገሩም?»

«ለማን እናገራለሁ? አገር ሙሉ ጤነኛ ነው ተብሎ እየተጨበጨበ፣ እኔ ብቻዬን ልታመም?»

ድምር ወንበሮቹን እዚያው ተወቻቸው። ክንዳቸውን በዘዴ ይዛ ወደ መኪናው ወሰደቻቸው። ሾፌሩ ነገሩ ሳይነገረው ገብቶት የኋላውን በር ከፈተ። ኃላፊው ዋንጫውን አስረክበው፣ ፎቶ ተነሥተው ሲመለሱ ባለወንበሯ ተቀምጠዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ከተማ ወስጄ ላስመረምራቸው ነው።»

«ዛሬ? ዋንጫ በሰጠንበት ቀን? ብቻ አንድ ነገር ቢሆኑ ባዶው መበላሸቱ አይደለም ወይ?»

ኃላፊው አሰቡ፤ ግንባራቸው ላይ መስመር ወጣ።

«ከተማ ከሞቱ የሚቆጠሩት በከተማው ነው፣ አይደለም?»

«አዎ፣ በከተማው ነው።»

«እንግዲያውስ ምን ቸገረን፤ ትንሽ ጠጋ በሉላቸው» አሉ በርኅራኄ።

እንዲህ ሆኖ ባለወንበሯ ተመረመሩ። ካንሰር ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ መድኃኒቱም ተጀመረላቸው። ድምር ደግሞ ያለ ፈቃድ በመንግሥት መኪና ካንሰር ከገጠር ወደ ከተማ ያጓጓዘች ሠራተኛ ተብላ ወደዚያው ወረዳ ተዛወረች። ደብዳቤው «ልምድዎንና ችሎታዎን በማገናዘብ» ብሎ ነው የጀመረው።

ድምር በሄደች በመጀመሪያው ሳምንት ማስመሪያ አወጣች። «ሌላ» የሚለውን ዓምድ ለስድስት ከፈለችው፤ የጡት፣ የማሕፀን፣ የጉሮሮ፣ የሆድ፣ የደም፣ ያልታወቀ። ከነርሱ ጋር ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቁ ጀመር። መጀመሪያ ሰዉ ሸሻቸው። «ቆጣሪዋ መጣች» እየተባለ በር ይዘጋባቸው ነበር። ባለወንበሯ ከሕክምና ሲመለሱ ግን ነገሩ ተለወጠ። እሳቸው ገና ከደጅ «ክፈቱ፣ እኔ ነኝ፤ ሞቼ ነው የመጣሁት?» ሲሉ የማይከፍት የለም።

የቀረው መሣሪያው ነበር። ድምር ሦስት ጊዜ ጻፈች፤ ሦስት ጊዜ ጥናቱ ተጠቅሶ ተከለከለች። በአራተኛው «ሌላን ለመዋጋት የሚያገለግል መሣሪያ፣ ብዛት አንድ» ብላ ጻፈች። የፀረ-ሌላ ኮሚቴ ከተቋቋመ ጀምሮ የሚያጸድቀው ነገር አጥቶ ተክዞ ነበርና በአንድ ድምፅ አጸደቀላት። መሣሪያው በሁለት ሳምንት ደረሰ። እባጩን ያሳያል፤ ቁርጡን የሚናገረው ከተማ የሚላከው ናሙና ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ ድምር ሪፖርቷን ላከች። አሥራ አራት ሰው ሳይረፍድበት ተገኝቶ ሕክምና ጀምሯል። አሥራ ዘጠኝ ሰው ግን ዘግይቶበት ሞቷል። የሞት መዝገብ የዳነ ሰው የሚጻፍበት ዓምድ ስለሌለው ቢሮው ያየው አሥራ ዘጠኙን ብቻ ነው። መልሱ በፍጥነት መጣ።

«ወደ ወረዳው ከመዛወርዎ በፊት በዚህ በሽታ የሞተ አንድም ሰው አልነበረም። ከተዛወሩ ወዲህ ግን አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ሞተዋል። ይህን ያደረጉበትን ምክንያት በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስረዱ።»

ድምር የአሥራ ዘጠኙንም ፊት ታውቃለች። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበች፤ አንዴ ሳቀች፣ አንዴ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ጻፈች። «ከመምጣቴ በፊትም ይሞቱ ነበር። እኔ የጨመርኩት የሞቱበትን ስም ነው።»

ኃላፊው ግን ቂም የማይዙ ሰው ናቸው። ሊከሷት አልፈለጉም፤ በነጭ ማጥፊያ አሥራ ዘጠኙን በገዛ እጃቸው አጠፉና ባዶ ጻፉበት። ሲደርቅ አዩት፤ ንጹሕ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት ለሌላ ሰው ይሆናል፤ እሳቸው ወረቀቱ የያዘውን ከልባቸው አመኑት። ባያምኑትማ ኖሮ በዚያ ዓመት የሆነው አይሆንም ነበር።

አንድ ማለዳ ድምር የጤና ጣቢያውን በር ስትከፍት ሜዳው ላይ መኪና ቆሟል። ኃላፊው በዚያ ሙቀት ወፍራም የአንገት ልብስ ጠምጥመው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ወረዱ። ከስተዋል።

«ደኅና አደራችሁ? ለጥቂት ወራት ነው የመጣሁት። ለአየሩ ነው።»

«እንኳን ደኅና መጡ። አንገትዎን አሞዎት ነው?»

«ምንም አይደል፣ ብርድ ነው። ትንሽ እባጭ ነገር... ሁለት ወር ሆነው። ባለቤቴ ተመርመር ብላ አላስቀምጥ አለችኝ። ከተማ ብመረመር ከመቶ አርባዎቹ አንዱ መሆኔ አይደል? ብልህ ሰው ቦታ ይመርጣል። ይሄ ባዶው ወረዳ ነው።»

«ጌታዬ፣ እዚህ አሥራ ዘጠኝ ሰው...»

«እሱ ታርሟል» አሉ ኃላፊው። ድምፃቸው ግን ቀጠነ።

ድምር ልትናደድ ፈልጋ ነበር፤ ለዚህ ቀን የሚሆን ንግግር በልቧ ስታዘጋጅ ነው የከረመችው። የሰውዬውን የከሳ ፊት ስታይ ግን ተወችውና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። «ይግቡ፤ መሣሪያው እዚህ ነው። አያምም፤ አሥር ደቂቃም አይፈጅ» አለቻቸው። ኃላፊው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«አይ፣ አይ። መሣሪያ ባለበት ነው ነገር የሚመጣው። ካላየነው እኮ የለም።»

ባለወንበሯ ተራ ለሚጠብቁ ሰዎች ወንበር እየዘረጉ ነበር። አስቀምጠው መጡና ኃላፊውን ሻንጣቸውን ተቀበሏቸው፤ እንደ ገዛ ልጃቸውም ክንዳቸውን ያዙ።

«አዬ ልጄ» አሏቸው ወደ በሩ እየመሩ፤ «እኔም ክረምቱን ሙሉ የለም የለም ስለው ነበር የከረምኩት። እሱ ግን ቤቱን እየሠራ ነበር።»