ሁለት ኑሩ በአንድ ሳሎን

ወገኖቼ፣ ይህን ከማንበባችሁ በፊት የያዛችሁትን ሻይ አስቀምጡ። እኔ ዛሬ ሳላስቀምጥ ቀርቼ ሱሪዬ ላይ ደፍቼዋለሁ።

የተዋረድኩት በገዛ ቤቴ ነው። በገዛ ድምፄ። በገዛ ስፒከሬ!

ከሥሩ ልንገራችሁ።

ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት ገዝተን ከገባን ወዲህ ቃሌን የሚሰማ የለም። ባለቤቴ ሰዓዳ አትሰማኝም። ልጄ ሐያት ጆሮዋ ላይ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ሰክታለች። የቤት ማሞቂያው ሂተር እንኳ የሚሰማው ሰዓዳን ነው።

ታዲያ የድሮው የአንቴና ቲቪ ሊቀር ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ኮንቨርተር የሚባለውን መቀየሪያ ሣጥን ፍለጋ ሲሯሯጥ፣ እኔ የተሻለ ሐሳብ መጣልኝ። ኮምፒዩተር ከትልቁ ቲቪ ጋር አገናኝቼ፣ ፊልሙንም መንዙማውንም ፎቶውንም እዚያ ከትቼ፣ ሁሉንም በድምፅ ማዘዝ። ሶፋ ላይ ተጋድሞ። ጣት ሳያነሱ።

ጡረታ የወጣ ታክሲ ነጂ ሌላ ምን ሥራ አለው?

ማይክሮፎኑን ፒዮሪያ ስትሪት ካለች አንዲት ሱቅ ገዛሁ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ድምፅህን ልልመድ ይላል፤ እንግሊዝኛ ጽሑፍ እየደረደረ አንብብ፣ አሁንም አንብብ። ሦስት ሳምንት አነበብኩለት። በልጅነቴ እንዲህ አንብቤ ቢሆን ዛሬ ዶክተር ኑሩ ነበርኩ።

ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ተናድጄ፣ ድሮ በታክሲ ራዲዮ ለዲስፓች፣ ተሳፋሪ ለሚመድብልን ቢሮ፣ በማወራበት ድምፅ ጠራሁት። ቀጥ ያለ፣ አጠር ያለ፣ ልመና የሌለበት።

ታዘዘ! "ፕሌይ" ስለው ይከፍታል፣ "ስቶፕ" ስለው ይዘጋል። በዚህ ቤት የሚታዘዘኝ አገኘሁ!

በዚያው ስሜት ሪሞቶቹን፣ ኪቦርዱንና ማውሱን በካርቶን ሰብስቤ መኪናዬ ትራንክ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ወንድ ከቆረጠ ቆረጠ ነው።

(ይቺን ካርቶን አትርሷት።)

አሁን ወደ ልጄ። ያሲን የሚባል፣ ቶርንተን ከተማ የሚኖር ልጅ ሐያትን ፈልጎ ሽማግሌ ሊልክ ነው ተባለ። ለዛሬ እሑድ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ።

ሐያት ከወራት ጀምሮ "አባዬ፣ ዱ ዩ ላይክ ሂም?" ወደድከው ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። እኔም "እናያለን" እላለሁ። አባት ሌላ ምን ይላል? እሷ ግን እዚህ ፈረንጅ አገር ያደገች ናት፤ "እናያለን"ን እንደ እምቢታ ቆጥራ ስታዝን ከርማለች።

ሰዓዳ ደግሞ በሌላ በኩል አስጠነቀቀችኝ። በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት ልጁን ለመጣል የቸኮለ ይመስላል። ታውቀኛለች፤ ይህን ቤት እንኳ እወስደዋለሁ ያልኩት ሻጩ በሩን ሳይከፍት ነው። "አደራ ኑሩ፣ ሁለት ሳምንት በላቸው። ፈገግ እንዳትል።"

ፈገግ አለማለት ልምምድ ይፈልጋል።

ስለዚህ ትናንት እናትና ልጅ ገበያ ሲወጡ፣ ማይክሮፎኑ ፊት ቀጥ ብዬ ቆምኩ። "ሪኮርድ" ሲሉት ይቀዳል። ኮስታራው ድምፄ እንዴት እንደሚሰማ ልፈትሽ ብዬ ቀዳሁ፣ ትንሽ ሰማሁት፣ ወደድኩት፣ ረሳሁት።

ዕድሜውን በታክሲ ራዲዮ ያወራ ሰው የተናገረው ሁሉ አየር ላይ የሚቀር ይመስለዋል። ኮምፒዩተሩ ግን ከመንዙማዎቹ ጎን በክብር አስቀምጦልኝ ነበር።

ዛሬ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሱፋቸውን ግጥም አድርገው መጡ። መሪያቸው ሐጂ ከማል ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ስንት ክረምት አብረውኝ የቆሙ ሰው ናቸው። በሌላ ቀን "አንተ ኑሩ" የሚሉኝ፣ ዛሬ "አቶ ኑሩ" ሆንኩ። ተቀመጡ ብላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እንደቆሙ ልጁን አወደሱ፣ ዘሩን ቆጠሩ፣ ልጅዎን ለልጃችን አሉ።

እኔም ዐይኔን ምንጣፉ ላይ ተክዬ፣ ሰምተናል፣ ከቤተሰብ እንማከርበታለን፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ አልኳቸው።

ፈገግ ሳልል!

ሐጂ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዓዳ ከኩሽናው በር በዐይኗ "ጎሽ" አለችኝ። ከኋላዋ የሳምቡሳ ትሪ የያዘችው ሐያት ግን ፊቷ አመድ መሰለ። እንግዶቹ ተቀመጡ፣ ሻይ ቀረበ።

እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ኖሮ ዛሬ የምታነቡት አይኖርም ነበር።

ሐጂ ቲቪውን አይተው ትልቅነቱን አደነቁ። በቃ፣ ለእኔ ይሄ ይበቃኛል። ሪሞት አያውቅም፣ በቃሌ ነው የሚያድር አልኳቸው። አላመኑኝም። ዓርብ ዕለት አዲስ መንዙማ ጭኜ ነበርና፣ ሐጂን በዚያ ላስደስት ብዬ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በራዲዮ ድምፄ፣ መጨረሻ የገባውን አጫውት ብዬ በእንግሊዝኛ አዘዝኩት።

ወዲያው ታዘዘ።

መጨረሻ የገባው ግን መንዙማው አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

"ሰምተናል" አለ ኑሩ በአራት ስፒከር። "ከቤተሰብ እንማከርበታለን። በሁለት ሳምንት ተመለሱ።"

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሻዩ የተደፋው እዚህ ላይ ነው።

"አይ፣ ሁለት ሳምንት በዛ" ቀጠለ ያ ቀባጣሪ። "ልጁ ሌላ ቤት ቢሄድብኝስ? በረዶ በጣለ ቁጥር ሳይጠሩት ከቶርንተን መጥቶ ደጄን የሚጠርግ ልጅ ከየት ይገኛል? ያ አላህ፣ ለሐያቴ እሱን አትንሳት። እሺ ኑሩ፣ ኮስተር በል። ይኸው፣ አሁንም ፈገግ አልክ።"

"ስቶፕ" አልኩት። አልሰማም። "ስቶፕ!"

ለካ ማይክሮፎኑ ሁለት ኑሩ ነው የሚሰማው፤ አንዱ ሶፋ ላይ፣ አንዱ በአራት ስፒከር። ሦስት ሳምንት ያስለመድኩት ድምፅ አጠገቡ እየጮኸ የእኔን ማን ይስማ? ሪሞቱ ደግሞ መኪናው ውስጥ ነው። ካርቶኗን አልረሳችኋትም አይደል?

ተንበርክኬ ከቲቪው ኋላ ገመድ ስፈልግ፣ ስፒከሩ ለሠርጉ የምለብሰው ሱሪ ወገቡ መስፋት እንዳለበት ያብራራ ነበር። ሰዓዳ መጥታ መሰኪያውን ከግድግዳው ነቀለችው። ወዲያው ጸጥ። ሰዓዳን የማይሰማ የለም አላልኳችሁም?

ሐጂ ከማል ብርጭቆአቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

"አቶ ኑሩ፣ ይቅርታ ያድርጉልን" አሉ። "ከሁለቱ ኑሩ የልጅቷ አባት የትኛው ነው? እኛ የተላክነው ወደ እሱ ነው።"

ሰዓዳን አየኋት፤ ጣሪያውን ታያለች። ሐያትን አየኋት፤ ትሪውን እንደያዘች እንባና ሳቅ ተቀላቅሎባት ቆማለች።

"አባዬ፣ ዩ ላይክ ሂም" አለች። ዛሬ ጥያቄ አልነበረም።

"ሁለት ሳምንት" ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ዋጥኳት።

"ቲቪው ውስጥ ያለው ነው" አልኩ።

ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሁላችንም አሚን አልን፤ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሲወጡ ለያሲን የሚያሰሙት ቅጂ በሲዲ ጠየቁኝ። ከሰዓዳ ያገኘሁት ቃል ግን እስካሁን አንድ ነው፦ "ሁለት ሳምንት አልኩህ፤ ሁለት ስኒ ሻይ እንኳ አልቆየህም።"

ሪሞቶቹ ተመልሰዋል። ሐያት ማይክሮፎኑን በካልሲ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች፤ ከመክተቷ በፊት ግን ግንባሬን ሳመችኝ።

በዚህ ቤት ድምፄ አንድ ቀን ይሰማ ብዬ ተመኝቼ ነበር። ይኸው ተሰማ። ጉዳቱ፣ የሰሙት ያልኩትን ሳይሆን የሆዴን መሆኑ ነው።

አሁን ምክር ስጡኝ። ለሠርጉ የአባት ንግግር ማድረግ አለብኝ። የት ሄጄ ልለማመድ?