የማላውቃቸው ወዳጄ

እንግሊዝ አገር ደርሶ የመጣ ሰው ነቀምቴ ውስጥ በሰላም ጎመን መግዛት አይችልም። ገበያ ስወጣ አንዷ አዴ፣ የሰፈር እናት፣ ትይዘኝና «አካም ጂርታ፣ እንዴት ነሽ ልጄ?» ትለኛለች። የእናቴን ጤና፣ የላሟን ጤና፣ የዝናቡን ነገር ትጠይቀኛለች። ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ትገባለች። ለንደን እንዴት ናት? ንግሥቲቱን አየሻት? እኔ ደግሞ ዓይነ አፋር ነኝ። ተማሪዎቼን ስቆጣ እንኳ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ነው። ስለዚህ ስለ ባቡሩ አወራላቸዋለሁ። ስለ ባቡር ማውራት ማንንም አያሳፍርም።

ለእናንተ ግን ሌላውን ልንገራችሁ። ለንደንን እምብዛም አላየኋትም። በጃንሆይ ዘመን ለአንድ ዓመት የመምህርነት ትምህርት ስላክ፣ የኖርኩት ከለንደን ወጣ ባለች አንዲት አዲስ ከተማ ነው። ከጦርነቱ በፊት ድንች ይበቅልባት ነበር አሉ። ቤታቸው በቦምብ የፈረሰባቸውንና በጠባብ ሰፈር የታፈጉትን ሰዎች ሊያሰፍሩባት ቆረቆሯት። ታዲያ ምን እንደገረመኝ ታውቃላችሁ? ቤቱ ሳይሠራ መንገዱ ተሠርቷል። መንገዱ ሳይሠራ ቧንቧው ተቀብሯል። እኛ ዘንድ ሰው መጀመሪያ ይሰፍራል፣ ቀጥሎ በድንበር ይጣላል፣ መንገዱ በመጨረሻ በሽማግሌ ይወጣል።

ወተት በጠርሙስ ሆኖ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ ውሻ አይደፋውም፣ ሰው አይወስደውም። ቤተ መጻሕፍቱ ለእኔ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቅ፣ መጽሐፍ አውሶኛል። ለሁሉ ነገር ማኅበር አላቸው። የመዘምራን ማኅበር፣ የጽጌረዳ አብቃዮች ማኅበር፣ ድመት የሚወዱ ሰዎች ሳይቀሩ ማኅበር አላቸው። ማታ ማታ በመስኮት ሳያቸው፣ መንግሥተ ሰማያትም በፕላን ተሠርታ ከሆነ እንዲህ ነው የምትሆነው እል ነበር። ዕድር ብቻ የላቸውም።

ቤቶቹ ሁሉ መንትያ ናቸው። አንድ ዓይነት ቀይ ጣራ፣ አንድ ዓይነት በር፣ አንድ ዓይነት የቁጥቋጦ አጥር። ያከራዩኝ ሚስዝ ኮል የሚባሉ ንጹሕና ቁጥብ ሴት ነበሩ። በጓሮ በር ግቢ ብለውኛል። አንድ ቀን ከኮሌጅ ስመለስ ጉሙ ወርዶ የራሴን እጅ ማየት አቃተኝ። የጓሮውን በር ገፍቼ ገባሁ። ጥቁር የለበሱ ሰዎች ዝም ብለው ተቀምጠዋል። የሚስዝ ኮል ቤት አይደለም፤ የጎረቤታቸው ነው። ለቅሶ ቤት።

እስቲ ፍረዱኝ። ወለጋ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ለቅሶ ቤት ረግጦ «ይቅርታ፣ በር ተሳስቼ ነው» ብሎ ይወጣል? እኔ አልቻልኩም። በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፍቶብኝ «ዋቃዮ ሃ ጀጀቤሱ» አልኩ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ማለቴ ነው። ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ፣ ሚስተር ፔሪ፣ የገባቸው ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። የሟች እኅት ጥቁር ባርኔጣቸውን ቀና አድርገው፣ ይቺ ማን ናት ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩኝና «የኤለን ወዳጅ ናት» አሉ፤ ሟቿን ማለታቸው ነው። ከሌላ ሰው ጋር አምታተውኝ ነው ብዬ አፈርኩ። ያፈረ አፍ ደግሞ አይከፈትም።

ቤት ገብቼ ለሚስዝ ኮል ስነግራቸው ደነገጡ። ሳይጠሩ አይኬድም፣ ሐዘንተኛ ብቻውን መሆን ይፈልጋል አሉኝ። እሳቸው የሐዘን ካርድ በበሩ ስር አስገብተዋል፤ ይበቃል። እኔ ግን በነጋታው ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዤ ሄድኩ። ለቅሶ አንድ ቀን ደርሶ መቅረት አለ እንዴ? ዘመዶቻቸው ወደ ለንደን ተመልሰዋል። ሰፈሩ መጋረጃውን ዘግቷል። እሳቸው በአንድ ወንበር፣ እኔ በሌላው፣ እስኪመሽ ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ ከኮሌጅ ስመለስ በየቀኑ ጎራ እል ጀመር።

በመጨረሻ ግን ሕሊናዬ አላስቀምጥ አለኝ። በር ተሳስቼ ነው የገባሁት፣ ባለቤትዎን አላውቃቸውም አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

ከዚያ ነገሩን ዘረዘሩልኝ። እሳቸውና ኤለን ከለንደን ሲነሡ እኅትየዋ፣ በአበባ መሀል ሰው አጥታችሁ ልትሞቱ ነው ብለው አልቅሰው ነበር። ኤለን ግን በተገናኙ ቁጥር ወዳጅ በወዳጅ ሆኛለሁ ይሏቸዋል። አንድም አልነበራቸውም። አጥር ይከረክማሉ፣ ለአላፊ አግዳሚው እንደምን አደርክ ይላሉ፣ ይገባሉ። በሕይወት ሳሉ የጠበቁትን ውሸት፣ ሲሞቱ ማን ይጠብቅላቸው? «አንቺ ስትገቢ፣» አሉኝ፣ «እግዚአብሔር ነው የላከልኝ ብዬ ዋሸሁ። እሁድ እኅቷ ልብሷን ልትወስድ ትመጣለች። ትጠይቅሻለች።»

እኔ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። አትዋሽን ከነቁጥሩ አውቀዋለሁ። ብዋሽ ኃጢአት፣ ባልዋሽ የአንዲት ሴት ስም አስከሬኗን ተከትሎ ሊቀበር ነው።

እሁድ ደረሰ። ሚስዝ ኮልም፣ እንዳላስቸግር ሊጠብቁኝ ነው መሰል፣ ኬክ ጋግረው ተከተሉኝ። እኅትየዋ አጠገባቸው አስቀመጡኝና ኤለንን እንዴት አወቅሻት አሉኝ። ወለሉን አየሁ።

«ጎረቤቴ ነበሩ» አልኩ።

እኛ አገር ይኼ ይበቃል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት አይደል የሚባለው? ጎረቤት ለምን ለቅሶ ደረሰ ተብሎ ይጠየቃል? እኅትየዋ ግን ገና የሚቀጥል መስሏቸው ይጠብቃሉ። መቼም ተጨዋውታችኋል አሉኝ። የምን ጨዋታ? እኔ ስመጣ ሚስዝ ፔሪ ሆስፒታል ገብተዋል። ይህንን ደግሞ ከባቡር ጣቢያ የተቀበሉኝ ሚስዝ ኮል ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሚስተር ፔሪ ስኒያቸውን ማስቀመጫው ላይ መለሱ።

ሚስዝ ኮል ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሻርፓቸውን አስተካከሉ።

«ጨዋታማ ምን ልበልዎት፣» አሉ። «ከማድቤቴ መስኮት ሆኜ ሁለቱን በየጊዜው አያቸው ነበር። በአጥሩ ላይ ተደግፈው ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሲሳሳቁ።»

ያቺ ሳይጠሩ አይኬድም ያሉኝ ሴትዮ! ፊታቸውን ባየው እንደ ጸሎት መጽሐፍ የተረጋጋ ነው። እኅትየዋ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ መሰለኝ። «እንኳን፣» አሉ፣ «እንኳን ብቻዋን አልሆነች።» ሚስተር ፔሪ ስኒያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን እኅትየዋ ዓይናቸውን ጠርገው፣ ለመሆኑ እንደዚያ የሚያስቃቸው ምን ነበር ብለው ጠየቁ።

እኔ ወለሉን፣ ሚስተር ፔሪ ጣራውን አየን። ሚስዝ ኮል ኬኩን ይቆርሳሉ።

«እኔ ምኑን ሰማሁት፣» አሉ። «በዚህች ልጅ ቋንቋ ነበር የሚያወሩት።»

እኅትየዋ ቆራሻውን ተቀብለው ጥቂት አሰቡ። ቀጥለው ኤለን ድሮም ቋንቋ ቶሎ ይገባት ነበር አሉ። ሚስተር ፔሪ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚስዝ ኮልም ነቀነቁ። እኔስ? ዓይነ አፋሯ፣ የሚሲዮኗ ልጅ? እኔም ነቀነቅሁ። እንዲያውም አነጋገራቸው ልክ እንደ ነቀምቴ ሰው ነበር ብዬ ልጨምርበት ትንሽ ነው የቀረኝ።